ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ማንን ነው የምንጠይቀው?

ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ይህን ዙር ያውቀዋል። ኔት ይጠፋል። ለአገልግሎት ሰጪው ሲደወል «በእኛ በኩል መስመሩ ደህና ነው፤ የውስጥ ችግር ይሆናል» ይባላል። የሕንፃው አስተዳደር «እኛ ውኃና መብራት እንጂ ኢንተርኔት አናይም» ይላል። ራውተሩን የገጠመው ልጅ መጥቶ አንድ ሁለት ነገር ነካክቶ «ይሄ ከውጭ ነው» ብሎ ይሄዳል። ሦስቱም ያሉትን ከልባቸው ሊያምኑበት ይችላሉ። ሥራው ግን ቆሟል፤ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ክፍያ አላለፈም፣ ኢሜይል አልተላከም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ሐሳቤ አጭር ነው። መስመሩ የተቋረጠበትን ቦታ ራሳችሁ ካወቃችሁ ማን መጠገን እንዳለበትም ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ሊገፋችሁ የሚችል የለም። ለዚህ የሙያ ትምህርት አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት፣ አንድ የኔትወርክ ኬብልና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ውሉ በማን ስም እንደሆነ እዩ

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ይህን መልሱ። መስመሩ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ወርኃዊውን ክፍያስ ለማን ነው የምትከፍሉት?

በራሳችሁ ስም ከኢትዮ ቴሌኮም፣ ከሳፋሪኮም ወይም እንደ ዌብስፕሪክስ ካለ የኢንተርኔት አቅራቢ ጋር ከተዋዋላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዛችሁ በቀጥታ ትጠይቃላችሁ። ቁጥሩ ውሉ ወይም የክፍያ ደረሰኙ ላይ አለ። ኔት በጠፋ ሰዓት ወረቀት መፈለግ ስለሚያናድድ፣ ቁጥሩን ዛሬውኑ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጥፉት።

አስቸጋሪው ሌላው ዓይነት ነው። መሐል ከተማ ውስጥ ብዙ ተከራይ የሚጠቀመው በአከራዩ ወይም በሕንፃው ስም የገባ መስመር ነው። አንዳንዱ «ዋይፋይ ኪራዩ ውስጥ አለ» ተብሎ የገባ ነው። አንዳንዱ ለሕንፃው በየወሩ ለብቻ ይከፍላል። በዚህ ጊዜ እናንተ በውል የቴሌኮሙ ደንበኛ አይደላችሁም፤ ደንበኛው አከራዩ ነው። ወደ ጥሪ ማዕከሉ ብትደውሉ መስመሩ በስማችሁ ስላልሆነ ብዙም ሊረዷችሁ አይችሉም። በዚህ መናደድ አያስፈልግም፤ ነገ ሌላ ሰው ደውሎ የእናንተን መስመር እንዲያስቀይር አትፈልጉም።

ታዲያ ማን ይጠየቃል? ብሩን ከእናንተ የተቀበለው ነው። አከራዩ ኢንተርኔት አካትቶ ካከራየ፣ ለእናንተ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ እሱ ነው። እሱ ደግሞ በተራው ቴሌኮሙን ይጠይቃል። «ቴሌን ጠይቁ» ብሎ ሊመልሳችሁ አይችልም፤ መስመሩ በእሱ ስም ስለሆነ እናንተ ብትጠይቁ መልስ አታገኙምና። ይህን በክፉ ቃል መናገር አያስፈልግም። አብዛኛው አከራይ ተንኮል ኖሮበት ሳይሆን የእሱ ድርሻ መሆኑን ባለማወቁ ነው የሚተወው። እንዲህ ብላችሁ በስልክ መልእክት ላኩ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ኢንተርኔቱ ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ የለም። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። አጥፍቼ አብርቼው አልተስተካከለም። መስመሩ በእርስዎ ስም ስለሆነ እባክዎ ደውለው ያስመዝግቡልኝ። የሚሰጥዎትን የአቤቱታ ቁጥር ቢልኩልኝ ክትትሉን እኔ እጨርሳለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። አከራዩን ከጣጣው ታገላግለዋለች፣ እናንተ ደግሞ ቁጥሩን ታገኛላችሁ። አዲስ የኪራይ ውል የምትፈርሙ ከሆነም አንድ መስመር አስገቡበት፦ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ አከራይ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአቅራቢው ያስመዘግባል፤ የአቤቱታ ቁጥሩንም ለተከራይ ይሰጣል።» ሲፈርሙ የማይከብድ ነገር ነው።

በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ምክንያት ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ሰፈር የሄዳችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አረጋግጡ። መስመሩን ስታዛውሩ አድራሻችሁና የስልክ ቁጥራችሁ በትክክል ተቀይሯል? ካልተቀየረ ቴክኒሽያኑ የሚላከው ወደ ድሮው ቦታ ነው። እናንተ እዚህ ትጠብቁታላችሁ፣ እሱ እዚያ ያጣችኋል፤ ሥራውም «ደንበኛው አልተገኘም» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ድንበሩን እወቁ

መስመሩን ከመንገድ ወደ እጃችሁ ተከተሉት። ከቴሌኮሙ ጣቢያ ይነሣል። በመሬት ውስጥ ወይም በምሰሶ ሰፈራችሁ ካለው ማከፋፈያ ሳጥን ይደርሳል። ከዚያ ወደ ግቢያችሁ ወይም ወደ ሕንፃው ይገባል፣ ፎቅ ላይ ይወጣል፣ ክፍላችሁ ውስጥ ካለችው ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል። ፋይበር ከሆነ ቀጭኑ ገመድ የሚገባባት የፋይበር ሞደም ናት። የድሮው የመዳብ መስመር ከሆነ ደግሞ የስልክ ገመድ የሚሰካበት ሞደም ነው።

ድንበሩ እዚያ ሳጥን ላይ ነው። እስከ ሳጥኑ የሚመጣው መስመር የአቅራቢው ነው። ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ዋይፋይ፣ ኬብል፣ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተር የሚያካፍለው ዕቃ)፣ ኮምፒውተርና ስልክ የእናንተ ነው። ሳጥኑ ራሱ ሲበላሽ የሚጠየቀው ሳጥኑን ያቀረበው ነው፤ አቅራቢው ከሰጣችሁ አቅራቢው፣ ራሳችሁ ከሱቅ ከገዛችሁ እናንተ። ይህንንም ውሉ ላይ እዩ።

በባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ግን መሐል ላይ አንድ የሚያጣላ ክፍል አለ። እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ከመደወላችሁ በፊት ፈትሹ

በቅደም ተከተል ሂዱ። አትዝለሉ።

ክፍያው መከፈሉን እዩ። በቴሌብር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ማለቴ ሰው ስለሚረሳው ነው፤ በተለይ ቢሮ ውስጥ የሚከፍለው ሌላ፣ የሚጠቀመው ሌላ ሲሆን።

ቀጥሎ፣ የጠፋው በሁሉም ላይ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ? ላፕቶፑ እምቢ ብሎ ስልኩ ከሠራ ችግሩ ላፕቶፑ ነው። ማንንም አትጥሩ። ዋይፋዩን «እርሳው» አስብላችሁ እንደገና ፓስወርድ አስገቡ፤ ቪፒኤን ካለ አጥፉት፤ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን እዩ። ሰዓቱ ከተዛባ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም፤ ይህ ደግሞ ኔት የጠፋ ያስመስላል።

በሁሉም ላይ ከጠፋ ላፕቶፑን በኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኙት። ይህ ፈተና ከሁሉም ይበልጣል፤ ጭቅጭቁንም የሚያስቀረው እሱ ነው። በኬብል እየሠራ በዋይፋይ ካልሠራ፣ የአቅራቢው መስመር ደህና ነው፤ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ነው። በኬብልም ካልሠራ ወደሚቀጥለው እለፉ። ቤታችሁ የኔትወርክ ኬብል ከሌለ አንድ ግዙ፤ ውድ ዕቃ አይደለም፣ ለዓመታት ያገለግላችኋል።

ከዚያ ሳጥኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ። መልሳችሁ ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቶሎ ቶሎ መንቀልና መሰካት አይረዳም፤ ሳጥኑ ተነሥቶ ከጣቢያው ጋር ለመገናኘት ጊዜ ይፈልጋል። በነካ እጃችሁ አስማሚውንና ዲቫይደሩን እዩ። ላልቶ የሚነካካ ዲቫይደር «ኔቱ ይቆራረጣል» የሚባለውን ችግር የሚፈጥርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ከሳጥኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን የሪሴት ቁልፍ በመርፌ አትጫኑ። ማጥፋትና ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ሪሴት ሌላ ነው። ሪሴት ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። መስመሩ የሚገናኝበት ዩዘርኔምና ፓስወርድ ውስጡ ተጽፎ ከነበረ አብሮ ይጠፋል። መንገድ ላይ የነበረው ትንሽ ችግር ቢስተካከል እንኳ ኔቱ አይመለስም። ያኔ ሁለት ችግር ይኖራችኋል፤ አንደኛውንም የፈጠራችሁት እናንተ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 4፦ መብራቶቹን አንብቡ

የፋይበር ሳጥን ላይ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ለጌጥ አይደሉም። ከጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ጋር ስታወሩ የምትተማመኑበት ማስረጃ እነሱ ናቸው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሷቸው።

«ፓወር» የሚለው ካልበራ ኤሌክትሪክ የለም ወይም አስማሚው ሞቷል። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ቻርጀሩ ከሠራ አስማሚው ነው። አዲስ ስትገዙ ቮልቱና አምፒሩ ከድሮው ጋር መመሳሰሉን እዩ፤ መሰኪያው ስለገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም። የሰፈሩ መብራት ከሆነ የጠፋው፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ማዕከል 905 ነው።

«ሎስ» (LOS) የሚለው በቀይ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ፣ በፋይበሩ ውስጥ ብርሃን እየመጣ አይደለም። ይህ ዋይፋይ አይደለም፣ ፓስወርድ አይደለም፣ ኮምፒውተር አይደለም። ወይ ፋይበሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይ ተጣጥፏል፣ ወይ መሰኪያው ላልቷል። ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን ገመድ ብቻ እዩ። የወንበር እግር ቆሞበት ወይም በር ላይ ተጣብቆ እንደሆነ አላቁት። ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አይታጠፍም። መሰኪያውን ነቅላችሁ ጫፉን በጣት አትንኩ፣ በዓይናችሁም አትመልከቱ። የሚያልፍበት የሌዘር ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ግን ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ ደህና ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ ጉዳዩ የእናንተ አይደለም።

«ፖን» (PON) የሚለው ያለማቋረጥ በአረንጓዴ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ብርሃኑ መጥቷል፤ ሳጥኑ ግን ከጣቢያው ጋር አልተግባባም። ይህም የአቅራቢው ነው። ፖኑ በደንብ በርቶ «ኢንተርኔት» የሚለው ከጠፋ ደግሞ ወይ ክፍያ፣ ወይ የጠፋ ዩዘርኔምና ፓስወርድ፣ ወይ ከዚያ በላይ ያለ የአቅራቢው ችግር ነው። ሁሉም መብራት ትክክል ሆኖ ኔት ከሌለ ግን ወደ ኬብሉ ፈተና ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሳጥኑ ወዲህ ነው።

ትንሽ ጠለቅ ማለት ለሚወድ ሰው አንድ ቁጥር አለ። ከሳጥኑ ጋር ተገናኝታችሁ በብራውዘር 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ብትጽፉ የሳጥኑ ገጽ ይከፈታል። መግቢያ ፓስወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ሥር ተጽፏል። ውስጡ የሚገባውን የብርሃን ኃይል በዲቢኤም (dBm፣ የብርሃን ኃይል መለኪያ) የሚያሳይ ቦታ ፈልጉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። -20 አካባቢ ደህና ነው። -27 ላይ ከደረሰ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መስመሩ ደክሟል፤ ኔቱ የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው። ይህን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ያስመዘገበ ደንበኛ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ተብሎ አይሸኝም።

የመዳብ መስመር ያላችሁ ደግሞ ቀላል ፈተና አላችሁ። የቤት ስልኩን አንሡና አዳምጡ። ድምፅ ከሌለ ወይም ሽው የሚል ጩኸት ካለ ችግሩ የመስመሩ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ የሆነ መጋጠሚያ ውኃ እየገባው ነው። ክረምት ላይ በደንብ ይታያል። ስታስመዘግቡ «ሲዘንብ ይብሳል» በሉ፤ ለቴክኒሽያኑ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ደረጃ 5፦ ከሳጥኑ ወዲህ ከሆነ

ይህ የእናንተ ወይም ኔትወርኩን የዘረጋላችሁ ባለሙያ ሥራ ነው። ለእሱ ሳትደውሉ የሚስተካከለው ግን ብዙ ነው።

የፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው። አዲሶቹም ኮንክሪት ናቸው። ዋይፋይ ሁለቱንም አይወድም። ሳጥኑን ከብረት ካቢኔ ውስጥ አውጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ሰው ወደሚሠራበት ክፍል አቅርቡት። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው ግን ግድግዳ በደንብ አያልፍም፤ 2.4 የሚባለው ሩቅ ይደርሳል ግን ይጨናነቃል። አንድ ፎቅ ላይ አሥር ቢሮ አሥር ዋይፋይ ሲኖረው፣ በሳጥኑ ገጽ ገብታችሁ በ2.4 ላይ ቻናሉን (ዋይፋዩ የሚሄድበትን መንገድ) ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱ ላይ አድርጉት፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይረባበሹም።

«ኔቱ ይጎተታል» ካላችሁ መጀመሪያ የገዛችሁትን እወቁ። 10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ብቻ ማውረድ ነው፤ ቢት ለ8 ሲካፈል ባይት ይሆናል። ፍጥነቱን ስትለኩ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ በኬብል፣ ጠዋትም ማታም ለኩ። በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት ይዞ መከራከር ያስቸግራል፤ አቅራቢው «ዋይፋያችሁ ነው» ቢል መልስ የላችሁም። ፍጥነቱ በኬብል ትክክል ከሆነ መስመሩን የሚበላው ሌላ ነው። የደኅንነት ካሜራው ቀን ከሌሊት ቪዲዮ ወደ ውጭ እየላከ ይሆናል። ለአንድ እንግዳ የተሰጠ ፓስወርድ የሰፈሩ ሁሉ ሆኖም ይሆናል። ፓስወርዱን ቀይሩና ማን «ኔት ጠፋ» ብሎ እንደሚመጣ እዩ።

ደረጃ 6፦ በሕንፃው መሐል ከሆነ

የሚያጣላው ክፍል ይህ ነው። ቴሌኮሙ ፋይበሩን ምድር ቤት ወይም መሬት ወለል ላይ ካለ ሳጥን ያደርሳል። ከዚያ እስከ እናንተ ፎቅ ያለው ኬብል የሚያልፈው በሕንፃው የሽቦ ቧንቧ ውስጥ ነው። የሳጥኑን ክፍል ቁልፍ የሚይዘው ጥበቃው ወይም አስተዳደሩ ነው። ኬብሉን አንዳንድ ቦታ ቴሌኮሙ ዘርግቶታል፣ አንዳንድ ቦታ የሕንፃው ባለቤት ሲያሠራ አስዘርግቶታል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀድሞ የነበረ ተከራይ ነው።

መርሁ እንዲህ ነው። ኬብሉን የዘረጋው ይጠግነዋል፤ የሚያልፍበትን ቦታ የያዘው ደግሞ በር የመክፈት ግዴታ አለበት። አንድ ጎረቤት ቢሮ ቀለም ሲቀባ ወይም ጣሪያ ሲያፈርስ ቆርጦት ከሆነ፣ ቀድሞ መነገር ያለበት ለሕንፃው አስተዳደር ነው፤ ወጪውን ከማን እንደሚቀበል የራሱ ጉዳይ ነው።

እንዴት ይታወቃል? ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። የሕንፃው ሁሉ ከጠፋ ችግሩ መግቢያው ላይ ወይም ውጭ ነው። የእናንተ ፎቅ ብቻ ከጠፋ ሽቦ ቧንቧው ውስጥ ነው። የእናንተ ብቻ ከሆነ ከፎቁ ሳጥን እስከ ክፍላችሁ ያለውን እዩ። በኮንዶሚኒየምም ያው ነው፤ እዚያ አስተዳደሩን የሚተካው የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው።

ቴክኒሽያን ሊመጣ ሲል ከአንድ ቀን በፊት ለአስተዳደሩ ንገሩ። «ነገ ጠዋት ባለሙያ ይመጣል፤ የመስመር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ስሙን ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፍ የያዘው ሰው ሄዶ ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ የተመለሰበት ሕንፃ አንድ ሁለት አይደለም። ሰውዬው ያልጠገነው ስላልቻለ አይደለም፤ ስላልተከፈተለት ነው።

ደረጃ 7፦ የውጭ ከሆነ አስመዝግቡ

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994፣ የሳፋሪኮም ደንበኞች 700 ይደውሉ። ሌላ አቅራቢ ካላችሁ ቁጥሩ ውላችሁ ላይ አለ። የምታወሩትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦

«የብሮድባንድ መስመሬ ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ አይሠራም። የአገልግሎት ቁጥሬ ይህ ነው። ፋይበር ነው፤ የሎስ መብራት በቀይ ይበራል። አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ በኬብልም ሞክሬያለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቼም የላቸውም። እባክዎ የአቤቱታ ቁጥር ይስጡኝ።»

ቁጥሩን ሳትይዙ ስልኩን አትዝጉ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልተነገረ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባላችሁትን አብራችሁ ጻፉ።

መንገዳችሁ እየተቆፈረ ከሆነ እሱንም ተናገሩ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና አራት ኪሎ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ መስመር ወደ መሬት ውስጥ አስገብቷል። ኤክስካቫተር ኬብል ቢቆርጥ መስመሩ የቴሌኮሙ ነው፤ ለደንበኛው የሚመልሰው እሱ ነው። ከቆረጠው ተቋራጭ ጋር የሚኖረው ሒሳብ እናንተን አይመለከትም። ለቁፋሮው ሠራተኞች ሄዶ መጮህ ጥቅም የለውም። የተቆረጠበትን ቦታ ፎቶ አንሡ፣ ምልክት የሚሆን ሕንፃ ጥቀሱ፣ አስመዝግቡ። የተቆረጠ ኬብል ግን አትንኩ፤ አጠገቡ የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖር ይችላል።

ባለሙያው ሲመጣ የተቋሙን መታወቂያ እዩ። የቴሌብር ፒን ወይም በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ቴክኒሽያን አይደለም፤ ኔት ለመጠገን ሁለቱም አያስፈልጉም። ክፍያ አለ ከተባለ በደረሰኝ ክፈሉ። ሥራውን ሲጨርስም ከመሄዱ በፊት በኬብል አብራችሁ ፍጥነቱን ለኩ፣ ሳጥኑን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ተመልሶ መነሣቱን እዩ። ያገኘው ችግር ምን እንደነበረና የት እንደነበረ ጠይቁ። ያ መልስ ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ሞባይል ዳታ ከሆነ

ይህ አጭር ነው። ቀሪ ሒሳብ ወይም ፓኬጅ እዩ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ነው። የአውሮፕላን ሞዱን ከፍታችሁ ዝጉ። ሲሙን ወደ ሌላ ስልክ አዛውሩ። እዚያ ከሠራ ስልካችሁ ነው፤ እዚያም ካልሠራ ሲሙ ወይም ኔትወርኩ ነው። የጓደኛችሁ ተመሳሳይ ሲም እዚያው ቦታ ላይ ከሠራ የእናንተን ሲም ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ።

ምድር ቤት ያለ ካፌ ውስጥ ሲግናል ማጣት የማንም ጥፋት አይደለም። መስከረም 16 ደመራ ላይ መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ቪዲዮ አልላክ ቢልም እንዲሁ ነው። አንድ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው ገደብ አለው። እዚያ ቀን መደወልም አያስፈልግም፤ ትንሽ ራቅ ስትሉ ይለቃል።

ከአገር ውጭ የሆነ ችግር

አንዳንዴ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አንድ አፕ ብቻ እምቢ ይላል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ያን ቀን ራውተር የነቀለ ሁሉ በከንቱ ደክሟል። ስለዚህ ሁለት ሦስት የተለያዩ ድረ ገጾች ሞክሩ። የአገር ውስጥ ገጽ እየተከፈተ የውጭው ከዘገየ ችግሩ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ከዓለም የምትገናኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ያለውን የሰፈራችሁ ቴክኒሽያን አይጠግነውም። አማራጭ መስመር መፈለግ ግን አሁንም የአቅራቢው ድርሻ ነው።

አስመዝግባችሁ መልስ ካጣችሁ

መጀመሪያ እዚያው ድርጅት ውስጥ ከፍ በሉ። በአቤቱታ ቁጥሩ እንደገና ደውሉ፤ አዲስ አታስመዝግቡ፤ አዲስ ስታስመዘግቡ የቆያችሁበት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ቀጥሎ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ በአካል ሄዳችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ ተቀበሉ።

ያም ካልሠራ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው፤ የቴሌኮም ድርጅቶችን ይቆጣጠራል፣ የደንበኞችን መብት ማስጠበቅም ሥራው ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ውሉን ወይም የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የአቤቱታ ቁጥሮቹን ከነቀናቸው፣ የመብራቶቹንና የፍጥነት ልኬቱን ፎቶ ያዙ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መቼ እንደጠፋ፣ ለማን መቼ እንደተነገረ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ጻፉ። የምትፈልጉት ጥገና ብቻ ከሆነ ጥገና በሉ። ላልሠራበት ቀን የከፈላችሁት እንዲታሰብላችሁም ከፈለጋችሁ ቀኖቹን ቆጥራችሁ አስገቡ። መስመሩ በአከራዩ ስም ከሆነ ማመልከቻው ላይ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ወረቀቱን ግን እናንተ አዘጋጅታችሁ ስጡት፣ ለፊርማ ብቻ እንዲቀርለት።